ለካኝ ይለካል

ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ ያልተስማሙበት ዓረፍተ ነገር እንደማይቆም ሁሉ፣ ሰውን በትናንት ጉልበቱ የሚለካ ሹመትም አይቆምም። የሰፈሩበት ቁና ወደ ሰፋሪው ደጅ የሚመለስበት ቀን አለው። ይህ እውነት ለመሆኑ፣ በበሰቃ ሐይቅ ላይ ቤቶች በገመድ ታስረው በሚኖሩበት ዘመን፣ ዘለቀች በምትባል ገመድ ሳቢና በለካኙ በቢሻው መካከል የሆነው ነገር ይመሰክራል።

ጠዋት ጠዋት የዘለቀች በር እጀታ ይናገራል።

«እንደምን አደርሽ፣ ዘለቀች። የዛሬ ልክህ ሰማንያ ነው።»

በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ትንፋሽ። ሰላምታው ለሴት፣ ልኩ ለወንድ። ዘለቀች ይህን ጉራማይሌ ሰላምታ ሦስት ዓመት ሰምታዋለች፤ አንድም ቀን ግን ሳይጎረብጣት ከደጅ ወጥታ አታውቅም። የሌላው ሰው እጀታ ከመናገሩ አስቀድሞ ይጨብጣል። ባለቤቱ እጁን ሲዘረጋ እጀታው ሞቅ ብሎ መዳፉን ያቅፋል፤ ኃይሉን ይመዝናል፤ በትንፋሹም ርዝመት አመዛዝኖ ልኩን ይነግረዋል። የእርሷ ግን በለካኙ ትእዛዝ ተቆልፎ ስለነበር፣ ቀዝቅዞ በተቀመጠበት ሆኖ የድሮውን ቁጥር ይደግማል። እርሷንም ከተስተካከለ ሰላምታ ይልቅ የናፈቃት ያ መጨበጥ ነበር። በሯ እጇን ከነሳት ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ሐይቁ ከአያቶች ዘመን ጀምሮ እያደገ አውራ ጎዳናውን ዋጠ፤ ሐዲዱን ዋጠ፤ በመጨረሻም ከተማዋን ሳይቸኩል፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው ቀስ ብሎ ሸፈናት። ሰዉ ወደ ተራራው አልሸሸም፤ ቤቱን በበርሜል ላይ አቁሞ ከውኃው ጋር አብሮ ከፍ አለ። ማለዳ ውኃው ሲጠራ፣ የድሮው ጣቢያ ጣሪያ ከሥር ይታያል፤ ዓሦች በትኬት መስኮቱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ የሚፈትሻቸው የለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ከፈንታሌ ተራራ ወርዶ ቤቶቹን ወደ ሸምበቆው ይነዳቸዋል። ሞተር በዚያ ጨዋማ ውኃ ዕድሜ ስለሌለው፣ የገመድ ማኅበሮች በድንጋዩ ግድብ ላይ ተሰልፈው ቤቶቹን አንድ በአንድ ወደየቦታቸው ይስባሉ። እያንዳንዱ ገመድ እንዲሸከም የሚፈቀድለት የቤት ክብደት የሳቢዎቹን ልክ ድምር ያህል ነው። ከገመድ የወጣ ሰው ቤቱ ይፈታል። የተፈቱ ቤቶች ከሸምበቆው ማዶ ጣሪያ ለጣሪያ ተደጋግፈው ይታያሉ፤ ሲመሽ መብራት አይበራባቸውም።

ዘለቀች ቀድሞ ዘለቀ ትባል ነበር። በወንዶቹ ገመድ ራስ ላይ ቆማ በሃያ አምስት ዓመቷ ስትለካ ሰማንያ ወጣላት፤ ከዚያ የበለጠ በሐይቁ ላይ አልነበረም። የሴት ሆርሞን መውሰድ የጀመረች ዕለት ሐኪሟ እንዲህ አለቻት፦ «ደምሽ ይቀድማል፤ ጡንቻሽ ይዘገያል፤ አጥንትሽ ግን ባለበት ይቀራል። ስንት ትቀንሻለሽ ብለሽ አትጠይቂኝ። ሰው ሁሉ ለየራሱ ነው።» እንዳለቻትም ሆነ። የመጀመሪያው ክረምት ሳያልቅ ደሟ ቀጠነ፤ የግድቡን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ከኋላዋ ተንጠባጥቦ መድረስ ጀመረ። ጡንቻዋ ግን እንደ ጨዋ እንግዳ ነበር፤ ልሂድ ብሎ ተነሥቶ በር ላይ ቆሞ ብዙ ያወራል። ትከሻዋ ለሰለሰ፤ ክንዷ ቀጠነ፤ መዳፏ ግን ገመድ ሲይዝ አሁንም የገመድ ራስ መዳፍ ነበር። ጥቂት ሄዷል፤ ብዙ ቀርቷል። ስንቱ ሄዶ ስንቱ እንደ ቀረ የለካ ግን አልነበረም። እርሷም ብትሆን አታውቀውም።

ወደ ሴቶቹ ገመድ ስትሻገር ሰማንያዋ አብራ ተሻገረች። የሴቶቹ ገመድ ድምር በእርሷ ሰማንያ ስለ ጨመረ፣ ወዲያው ለካኙ ቢሻው የራሱን ቤት ከወንዶቹ ገመድ ፈትቶ ወደ ሴቶቹ ገመድ አዞረ፤ ባዞረ በዓመቱም በቤቱ ላይ በድንጋይ የተነጠፈ ሰገነት ሠራ።

በነሐሴ አንድ ቀን ነፋሱ ከልማዱ ከፍቶ ወረደ። የገመዱ አለቃ እትዬ እታለማሁ እንደ ወትሮው ከጅራቱ ቆመው ያዜማሉ፤ ሴቶቹ በየስንኙ መጨረሻ ይስባሉ።

«ገመድ ይሳባል!»

«እሰይ!»

«ቤት ይታሰራል!»

«እሰይ!»

«ነፋስ ይሸነፋል!»

«እሰይ!»

«ለካኝ ይለካል!»

በዚህችኛዋ ላይ ሁሉም ወገባቸውን ሰብረው ይጎትታሉ፤ ትልቁ ስበት የዚህች ስንኝ ነው። ስንኟ በግድቡ ምሰሶ ላይም ተቀርጻለች። የሐይቁ መሥራቾች ያቆሟት ሕግ ናት።

«አንቺ ለሊሴ! ገመዱን ነው ወይስ ቀሚስሽን ነው የምትሰበስቢው?» አሉ እታለማሁ።

«እትዬ፣ ኧረ ገመዱ ነው እኔን የሚሰበስበኝ!» አለች ከፊታቸው ያለችው ለሊሴ።

ሳቁ ሳያልቅ የሚስቡት የቢሻው ቤት በነፋሱ ዞረ። ሰገነቱ እንደ ሸራ ነፋሱን ያዘና ገመዱን መልሶ ነጠቀ። ከፊት የነበረችው ዘለቀች ተረከዟን በድንጋዩ መካከል ሰክታ ያዘች፤ ደረቷ ተቃጠለ፤ ዓይኗ ጨለመ። ድሮ ቢሆን ከዚህ በኋላ ሌላ ኃይል ይመጣ ነበር፤ ከታች፣ ከማታውቀው ጎተራ። ጠበቀችው። አልመጣም። ገመዱ ተንሸራተተ፤ የለሊሴን መዳፍ ላጠው፤ የእታለማሁንም ትከሻ ከቦታው አወለቀው።

ነፋሱ ካለፈ በኋላ ሴቶቹ በግድቡ ላይ ተቀመጡ። እታለማሁ ክንዳቸው በነጠላ እንደ ታሰረ ወደ ዘለቀች ዞሩና፦

«ልጄ፣» አሏት፣ «እኔ አንቺን አልጠላሁሽም። ትከሻዬ ግን ጠልቶሻል።»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ።»

«ያ ሰማንያ የሚሉትን ሰው እኔ አላየሁትም። አንቺ አለሽ፤ እሱ የለም። የሌለ ሰው ደግሞ ቤት አይስብም፤ ሸክሙ ግን እኛ ላይ ነው። እንግዲህ ልካችን በየዓመቱ የሚጻፍበት የመስከረም ልኬት ሳያልፍ ወይ ተለክተሽ ነይ፣ ወይ ገመዱን ልቀቂ።»

ሁሉም ወደ ሸምበቆው ማዶ ሳያስቡት ተመለከቱ።

ለሊሴ የተላጠ መዳፏን እያራገበች ጠጋ አለች። «ምን መለካት ያስፈልጋል? እኔው ልንገርሽ። አርባ ነሽ። እንደኛው ነሽ በቃ! አርባ ነኝ በይና ይለቅልን።»

«አልልም።»

«ለምን? እኛ እንመሰክርልሽ የለ!»

«ሳይለካ ሰማንያ ማለት ውሸት ከሆነ፣ ሳይለካ አርባ ማለትም ውሸት ነው፣ ለሊሴ።»

«ወይ ጉድ! ቤትሽ ሊፈታ ነው እኮ፣ አንቺ ግን ታመዛዝኛለሽ» አለች ለሊሴ፤ ነገር ግን እጇን ከትከሻዋ አላነሣችም።

በማግሥቱ ዘለቀች በጀልባ ወደ ቢሻው ቤት ሄደች። ቢሻው በሰገነቱ ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ በበርሜል ውስጥ ከተተከለ የሎሚ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ድምፁ ያማረ፣ እጁ የለሰለሰ ሰው ነው።

«ጋሽ ቢሻው፣ እንድለካ ነው የመጣሁት።»

«ተለክተህ የለም እንዴ?»

«ለመጨረሻ ጊዜ የተለካሁት በሃያ አምስት ዓመቴ ነው፣ ዘለቀ ሳለሁ።»

«እና አንዲት ‹ች› ብትጨምር ጉልበትህን ውኃ በላው?»

«የቀነሰኝ ‹ች› አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው። እርስዎም ያውቁታል። እጀታዬን ይክፈቱልኝና የቀረኝን ልወቅ።»

«አጥንት አይረሳም» አለ ቢሻው። ይህችን ቃል ለጠየቀው ሁሉ ይላታል።

«አጥንት ይሸከማል እንጂ አይስብም። የሚስበው ሥጋና ደም ነው።»

ቢሻው ፈገግ ብሎ የሎሚውን በርሜል በእግሩ ነካ አደረገ። «እስቲ ይቺን አንሣት። ካላነሣሃት እለካሃለሁ።»

ዘለቀች ወጥመዱን አየችው። ብታነሣው ሰማንያ ነህ ሊላት ነው፤ የምትችለውን ያህል ሳትሞክር አልቻልሁም ብትል ደግሞ ያው ሳትለካ አርባ ነኝ ማለት ነው። ጎንበስ አለች። በርሜሉን አቀፈች። ሎሚዎቹ ጆሮዋ አጠገብ ተንሾካሾኩ። ባላት ሁሉ አነሣችው፤ በርሜሉም ጉልበቷ ድረስ መጥቶ እዚያው እንቢ አለ። መልሳ አስቀመጠችው።

«አየህ! አነሣኸው!»

«እስከ ጉልበቴ ነው ያነሣሁት፣ ጋሽ ቢሻው። ድሮ እስከ ትከሻዬ ነበር።»

«ጉልበት አለህ ማለት ነዋ!» ብሎ በገዛ ቀልዱ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቆረጠ። «በምሰሶው ላይ የተጻፈውን አንብብ። ለካኝ ይለካል። ማን ይለካል? ለካኙ። መቼ? ሲሻው። በል፣ ጀልባህ ነፋስ ሳይነሣባት ሂድ።»

ስትመለስ መቅዘፉ አደከማት፤ ጀልባዋን በድሮው ጣቢያ ጣሪያ ላይ አቁማ በጠራራው ፀሐይ ጋደም አለች። እንቅልፍም መጣ። በሕልሟ ሐይቁ ክንድ ነበር፤ የራሷ ክንድ፤ ከተራራ እስከ ተራራ የተዘረጋ። ከቆዳው ሥር ባቡሮች ያልፋሉ። ውኃው ሲጎድል ክንዱ ይቀጥናል፤ የተቀበሩት ጣሪያዎችም አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ከየጣሪያው ሥር ሰዎች ወጥተው «ይህ ሁሉ ከታች ነበረ እንዴ?» ይላሉ። የጎደለውን ውኃ አላለቀሰችለትም፤ የት ድረስ እንደ ጎደለ ብቻ ለማየት ፈለገች። ዳርቻውን ልትረግጥ ስትል ማዕበል ጀልባዋን ነቀነቃትና ነቃች። ከዚያው ቀዝፋ ወደ ሐይቁ ችሎት ሄደችና ቢሻውን ከሰሰች።

ችሎቱ ግድግዳ የለውም፤ በር ግን አለው። በሰፊው መድረክ ጫፍ ላይ መቃኑና እጀታው ብቻቸውን ቆመዋል፤ የሚገባ ሁሉ ዙሪያው ክፍት ሳለ በዚያ በር ይገባል። ዳኛዋ ወይዘሮ አምሳለ በልጅነታቸው ገመድ የሳቡ፣ በኋላም ሕግና ሰዋስው የተማሩ፣ ቀጭን ባልቴት ናቸው። ዘለቀች የምትፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፦ «ዛሬ ባለኝ ጉልበት ልለካና በሴቶቹ ገመድ ልቁም።» ቢሻውም የምሰሶውን ጽሕፈት ጠቀሰ።

«ሕጉ ግልጽ ነው፣ ክብርት ዳኛ። ለካኝ ይለካል። መለካት የእኔ ሥልጣን ነው፤ አለመለካትም እንዲሁ።»

«ጽሕፈቱ ግልጽ አይደለም» አሉ ዳኛ አምሳለ። «ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ‹ለ› ላልታ ብትነበብ፣ ለካኙ ሌላውን ይለካል ማለት ነው። ጠብቃ ብትነበብ ግን፣ ለካኙ ራሱ መለካት አለበት ማለት ነው። መሥራቾቹ የትኛዋን እንዳሉ የሚነግረን የለም፤ ሞተዋል።»

«ሠላሳ ዓመት ስናነባት በላላው ነው» አለ ቢሻው።

«ሠላሳ ዓመት ያነበብሃት አንተ ነህ።»

በዚህ መካከል ነፋሱ ወረደ። መድረኩ ተነቃነቀና ወደ ሸምበቆው ማዘንበል ጀመረ። የሐይቁ ልማድ ጥብቅ ነው፦ ነፋስ በመጣ ጊዜ በችሎቱ ያለ ሁሉ ገመድ ይይዛል፤ ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም። ጫፉ ከግድቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ሁሉም አንሥተው ቆሙ። የሚያዜም ግን ጠፋ፤ እታለማሁ ትከሻቸው በነጠላ እንደ ታሰረ ተቀምጠዋል።

«ቢሻው፣ አንተ አዚም» አሉ እታለማሁ። «እናትህ በዚህ ሐይቅ ላይ አቻ አልነበራትም። ድምፅዋ አንተ ዘንድ ነው የቀረው።»

ቢሻው ተግደረደረ። ነገር ግን ገመዱ በእጁ ውስጥ ነበር፤ ነፋሱም ጆሮው ላይ። አዜመ። ድምፁም እንዲያ ያማረ ነበርና የተጣሉት ሁሉ ጠባቸውን ረስተው አብረው ሳቡ።

«ገመድ ይሳባል!»

«እሰይ!»

«ቤት ይታሰራል!»

«እሰይ!»

«ነፋስ ይሸነፋል!»

«እሰይ!»

ቢሻው ዓይኑን ጨፈነ፤ በእናቱ እግር ሥር እንደ ተቀመጠ ልጅ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ፦

«ለካኝ ይል—ለካል!»

ሁሉም ወገባቸውን ሰብረው ሳቡ። መድረኩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ዘለቀች ገመዱን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። በዚህች ቃል ላይ ስንት ሺህ ጊዜ ጎትታለች! አንድም ቀን ግን አልሰማቻትም ነበር። ዳኛ አምሳለም እንደ እርሷ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ቢሻው፣ የመጨረሻዋን ድገማት።»

ቢሻው ዓይኑን ገለጠ። ‹ለ›ን አጥብቆ እንዳዜማት ገባው፤ ፊቱም አመድ መሰለ። ገመዱን ጨብጦ፣ «ለካኝ ይለካል» አለ፤ በላላው፣ በንባብ ድምፅ። ግማሹ ሰው ቀድሞ ሳበ፤ ግማሹ ዘገየ፤ ገመዱ በመካከላቸው ረገበና መድረኩ ወደ ኋላ ሸሸ። እንደ ገና እንዲያዜም ባዘዙት ጊዜም ያው ሆነ። በላላው ቃል ላይ የሚሳብበት ቦታ አልነበረም።

«ገመዱ አልተቀበለህም» አሉ ዳኛ አምሳለ። «ገመድ ይሳባል እንጂ አይስብም። ቤት ይታሰራል እንጂ አያስርም። ነፋስ ይሸነፋል እንጂ አያሸንፍም። ሦስቱ ስንኞች ድርጊቱ የሚደረግባቸው ሆነው ሳለ አራተኛዋ ብቻዋን አድራጊ ልትሆን አትችልም። መሥራቾቹ ሕጋቸውን በድንጋይ ላይ ብቻ አላኖሩትም፤ ድንጋይ አያጠብቅምና በሳቢዎች ወገብ ላይ አኖሩት። ለካኝ ራሱ ይለካል። ሠላሳ ዓመት ያልተለካ ለካኝ፣ ሌላውን አልለካም ሊል ሥልጣን የለውም። በሩን ክፈቱላት።»

ዘለቀች ግድግዳ ወደሌለው በር ቀረበች። እጇን ዘረጋች። ልቧ ፈራ፤ ሰማንያም ቢል፣ አርባም ቢል፣ ከዚህ በኋላ የምትሸሸግበት ጥርጣሬ የለም። እጀታው ሞቀ። ጨበጣት። ከሦስት ዓመት በኋላ በሐይቁ ላይ ያለ አንድ በር እጇን እንደ ዘመድ እጅ ያዘው፣ አልለቀቀውም። እርሷም ባላት ሁሉ ጨበጠችው።

«ዘለቀች፣» አለ እጀታው፣ «ልክሽ ስልሳ ስድስት ነው።»

ወዳጇ የተመኘችላትም ጠላቷ የጫነባትም አልነበረም። የራሷ ነበር።

«እንዴ! ከእኔ ሃያ ስድስት ትበልጪያለሽ!» ብላ ጮኸች ለሊሴ።

«እበልጣለሁ።»

«እንግዲያ ነገም ፊት ቁሚያ!»

ከወንዶቹ ገመድ የመጣ አንድ ምስክር፣ «ስልሳ ስድስት ለሴት አይበዛም?» ሲል ጠየቀ።

«እጀታው የሴት ነው፣ የወንድ ነው አላለም» አሉ ዳኛዋ። «የዘለቀች ነው አለ። ገመዱም ከዛሬ ጀምሮ የሚሸከመው ይህንኑ ነው። አሁን ንገሩኝ፤ ከስልሳ ስድስት እስከ ሰማንያ ያለውን ስትስቡ የኖራችሁት የምንን ሸክም ነው?»

ሁሉም ከውኃው ማዶ ወዳለው የቢሻው ሰገነት ዞሩ፤ በላዩም ሎሚው በነፋሱ ሲወዛወዝ ይታይ ነበር።

ቢሻው ከለካኝነቱ ተሻረ። ሰገነቱ ፈረሰ፤ ድንጋዩ ለግድቡ መጠገኛ ዋለ። እርሱም በዚያው በር ተለክቶ ልኩ ሃያ ዘጠኝ ሆነ፤ የእትዬ እታለማሁ ትከሻ እስኪድን ድረስም በእርሳቸው ቦታ፣ በሴቶቹ ገመድ ጅራት፣ በሃያ ዘጠኙ ልክ እያዜመ እንዲስብ ተፈረደበት። የእታለማሁ ትከሻ አልዳነም። ቢሻው ዛሬም ይስባል።